ክረምት የማያፈርሰው የድንጋይ ክትር፦ ቦረቦርን ከአናቱ ጀምሮ ማዳን

በጥር ሕዝቡ ወጥቶ ድንጋይ ይሸከማል። በየካቲት ክትሩ፣ ማለትም ቦረቦሩን አግድም የሚዘጋው የድንጋይ ግድብ፣ ተደርድሮ ሲታይ ያምራል። በነሐሴ ተመልሳችሁ ስትሄዱ ግን መሃሉ ተበልቷል፤ ወይም ውሃው በጎን ዞሮ ሌላ ቦረቦር ከፍቷል። «ዘንድሮ ዝናቡ ከባድ ነበር» ይባላል። በቀጣዩ ጥር እዚያው ቦታ ላይ ያው ሥራ ይደገማል።

ነገሩ የዝናብ ብቻ አይደለም። በትግራይ 400 የድንጋይ ክትሮችን የተከታተለ ጥናት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ 39 በመቶዎቹ ፈርሰዋል። የፈረሱትን ከቆሙት የለየው በዋናነት ከላይ የሚመጣው ውሃ ብዛትና የመሬቱ ቁልቁለት ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ላይኛውን ሳናይ ታች ድንጋይ መደርደር እንጀምራለን።

እኔም አፍርሻለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ ቀበሌ ላይ ሰባት ክትር ነበር። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ። በጣም ኮርቼበት ነበር። በሐምሌ አንድ ሌሊት አራቱ ሄዱ። በማግስቱ አንድ አዛውንት ቆመው አዩትና «ልጄ፣ በር የሌለው ቤት ሠርተህ እንግዳው ግድግዳዬን አፈረሰ ትላለህ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ክትር ስሠራ መጀመሪያ የማስበው ድንጋዩን አይደለም፤ ውሃው የሚወጣበትን በር ነው።

ይህ መመሪያ ጥልቀቱ እስከ 3 ሜትር ለሚደርስ፣ በእጅ ሊሠራ ለሚችል ቦረቦር ነው። ከዚያ የጠለቀ ከሆነ ወይም ዓመቱን ሙሉ ወንዝ የሚፈስበት ከሆነ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) እና መሐንዲስ ይፈልጋል። በደረቅ ድንጋይ አትሞክሩት።

አስቀድሞ፦ ቦረቦር ነው ወይስ ተራራው ራሱ እየሄደ ነው?

ይህን ሳታጣሩ ዶማ አታንሡ። ቦረቦር ውሃ ከላይ እየጠረገ የሚቆፍረው ነው። የመሬት መንሸራተት ግን ሌላ ነው፤ አፈሩ ከውስጥ ውሃ ጠጥቶ ከነዛፉ ከነቤቱ ቁልቁል ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ተዳፋት ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው፤ እንዲያውም የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ያባብሳል።

ከቦረቦሩ በላይ ያለውን ተዳፋት በእግር ዙሩና እነዚህን ፈልጉ፦

- እንደ ጨረቃ ጎበጥ ብሎ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ ስንጥቅ። የዋልካ አፈር በበጋ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው በሁሉም አቅጣጫ እንደ መረብ ነው፤ ከዚህ ጋር አታምታቱት።
- ከሥራቸው ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ዛፎችና የአጥር እንጨቶች።
- ትናንት ይዘጋ የነበረ፣ ዛሬ እንቢ የሚል የቤት በር፤ ግድግዳ ላይ በሰያፍ የወጣ አዲስ ስንጥቅ።
- ድሮ በሌለበት ቦታ የፈለቀ ምንጭ፤ ወይም ጥርት ይል የነበረ ምንጭ መደፍረሱ።

ስንጥቅ ካገኛችሁ ከላዩና ከታቹ አንዳንድ ችካል ምቱ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ቀኑን ጻፉ። በየሳምንቱ ለኩ። በዝናብ ወቅት ከሆነ በየቀኑ ለኩ። ርቀቱ እየሰፋ ከሄደ ሥራው ይቁም። ለቀበሌውና ለወረዳው አሳውቁ፤ ከታች ያሉት ቤቶችም ዝናቡ እስኪያልፍ ይልቀቁ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ስህተት አለ። እንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ ውሃ የሚያሰርግ ትሬንች መቆፈር ክልክል ነው። ሌላ ቦታ ትሬንች ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ሊንሸራተት ለተዘጋጀ አፈር ውሃ ማጠጣት ይሆናል። ስንጥቁን በጭቃ አፈር ሙሉትና ጠቅጥቁት፤ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ደግሞ በቦይ ወደ ጎን አውጡት። የምታደርጉት ይኸው ብቻ ነው።

ናዳ ከወረደ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡ ናቸው፤ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። ጎረቤቱ ተቀብሮ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም። ቢሆንም ከላይ ተዳፋቱን ብቻ የሚያይ፣ የሚጮህ ወይም ፊሽካ የሚነፋ ሰው ሳታቆሙ፣ ወደ ጎን የምትሸሹበትን ሳትለዩ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይግባ።

ዝግጅት

ጊዜ። ግንባታውን ከጥር እስከ መጋቢት አጋማሽ ጨርሱ። የበልግ ዝናብ ያለበት አገር ከሆነ ከዚያም ቀድማችሁ ጨርሱ። ግማሽ የተሠራ ክትር ዝናብ ከያዘው ባዶ ከነበረው የባሰ ይጎዳል፤ የተቆፈረው መሠረት ለጎርፉ ማላላቻ ይሆነዋል።

መሣሪያ። ዶማ፣ አካፋ፣ ድጅኖ፣ የድንጋይ መዶሻ፣ ባሬላ፣ ሜትር፣ ችካል፣ ሲባጎ። ለመለኪያ ላይን ሌቭል (ሲባጎ ላይ የሚንጠለጠል ባለ አረፋ መለኪያ) እና ሴንቲ ሜትር የተጻፈባቸው ሁለት ባለ 2 ሜትር ዘንጎች። ላይን ሌቭል ከሌለ ውሃ የተሞላ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጎማ ይበቃል፤ ውስጡ አየር እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቁ።

ድንጋይ። ጠፍጣፋና ጠርዝ ያለው ይሁን። ድብልብል የወንዝ ድንጋይ አይያያዝም፤ ይንከባለላል። በእጅ ሲመቱት የሚፈረፈር ድንጋይም አይሆንም። ከእርከን ላይ ድንጋይ አትንቀሉ። ይህን መጻፌ ያስቃል፤ ግን የአንዱን ዓመት እርከን አፍርሶ የሌላውን ዓመት ክትር የሠራ ቡድን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስንት ድንጋይ ያስፈልጋል? ወለሉ 2 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቦረቦር እንውሰድ። ባለ 1 ሜትር ክትር ከመሠረቱ፣ በጎን ግድግዳው ውስጥ ከሚገቡት ክንፎቹና ከታችኛው ንጣፍ ጋር 10 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈጃል። አንድ ሲኖትራክ ገልባጭ 16 ሜትር ኩብ ያህል ይጭናል፤ አንድ ክትር ከጭነቱ ግማሽ በላይ ይወስዳል ማለት ነው። በማኅበረሰብ ሥራ የሚያዘው ልክ አንድ ሰው በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ ለአንድ ክትር 20 ሰው አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። ይህን ሳያሰሉ «በሁለት ቀን አሥር ክትር» ብሎ ማቀድ ነው ሥራውን ማስታወቂያ የሚያደርገው። አሥር ደካማ ከምትሠሩ ሦስት ጠንካራ ሥሩ።

ማስጠንቀቂያ። ድንጋይ ከተዳፋት ስትፈነቅሉ ከታች ሰው አይኑር። ላይ የሚፈነቅልና ታች የሚሰበስብ ቡድን በአንድ መስመር ላይ በአንድ ሰዓት አይሥራ። ከሥሩ ተቦርቡሮ አናቱ የተንጠለጠለ የቦረቦር ግድግዳም ሥር ማንም አይቁም፤ ለጥላ ብሎ ምሳ እንኳ አይብላበት። መጀመሪያ ከላይ፣ ከጠርዙ ራቅ ብላችሁ በድጅኖ አፍርሱት። ከዚያ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።

ደረጃ 1፦ ውሃው ከየት እንደሚመጣ በእግራችሁ ሂዱ

ከታች ሳይሆን ከላይ ጀምሩ። ከተቻለ ባለፈው ክረምት ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዞ የተመለከተ ሰው ይኑር። ካልነበረ እረኞቹን ጠይቁ፤ ጎርፉ የቱ ጋ እንደሚሰበሰብ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ብዙ ጊዜ ምንጩ ከምትገምቱት ቦታ አይሆንም። የከብት መሄጃ መንገድ ሊሆን ይችላል። የመኪና መንገድ ሥር ያለ ቱቦ ሁሉንም ውሃ ሰብስቦ አንድ ማሳ ላይ የሚተፋው ሊሆን ይችላል። የአንድ ገበሬ ማፋሰሻም ሊሆን ይችላል። የቆርቆሮ ጣሪያ የበዛበት አዲስ መንደርም ብዙ ውሃ ይልካል። በወረቀት ላይ ቀለል ያለ ንድፍ ሣሉ፤ ውሃው የሚገባባቸውን ነጥቦች ሁሉ ምልክት አድርጉ።

ቦረቦሩ ሁለት ሦስት እጅ ካለው እያንዳንዱ እጅ የራሱ አናት አለው። ትልቁን አክማችሁ ትንሹን ከተዋችሁ በሚቀጥለው ዓመት ትንሹ ትልቅ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ጎርፉን ከአናቱ አስቀልብሱ

ከቦረቦሩ አናት በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቁረጡ። ከአናቱ ያለው ርቀት ቢያንስ የቦረቦሩን ጥልቀት ሦስት እጥፍ ይሁን፤ 2 ሜትር ከጠለቀ 6 ሜትር ራቁ። ከቀረባችሁ አናቱ ተንዶ ቦዩን ይውጠዋል።

1. መስመሩን በላይን ሌቭል አውጡ። በ10 ሜትር ሲባጎ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይውረድ። ከዚህ ከበዛ ቦዩ ራሱ ይቦረቦራል። ካነሰ ደለል ይሞላዋል።
2. 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ቆፍሩ። ወለሉ 50 ሴንቲ ሜትር ይስፋ፤ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ ገደድ ያሉ ይሁኑ።
3. የወጣውን አፈር በታችኛው በኩል ከምሩና ጠቅጥቁ። ከቦዩ ጠርዝ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ተዉ፤ አፈሩ ተመልሶ እንዳይገባ።
4. መውጫውን አስተካክሉ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል።

ውሃውን የት ታወጡታላችሁ? ሣር የለበሰ የተፈጥሮ መውረጃ ወይም ዓለት ካለ ወደዚያ ነው። ከሌለ መጀመሪያ የውሃ መውረጃ ሠርታችሁ፣ ሣር ተክላችሁ፣ አንድ ክረምት ጠብቁ። ቦዩን በሚቀጥለው ዓመት ትቆርጡታላችሁ። ጎረቤት ማሳ ላይ መልቀቅ ግን ቦረቦሩን ማዳን ሳይሆን ለሌላ ሰው መስጠት ነው፤ ጠቡም ከሽማግሌ አልፎ ፍርድ ቤት ይደርሳል። መውጫው የሚያልፍበት ሁሉ ባለ መሬት ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ተጠርቶ ቦታው ላይ ቆሞ ይስማማ። በስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት አይበቃም።

ቦይ የሚቆረጥበት ቦታ ከሌለስ? ከላይ ባሉት ማሳዎች እርከን እስኪሠራ ድረስ ክትሩን ለሌላ ዓመት አቆዩት። ቅር ያሰኛል፤ ግን ድንጋዩ ይተርፋል።

ደረጃ 3፦ አናቱንና ግድግዳውን ገደድ አድርጉ

ገደል ሆኖ የቀረ አናት ውሃ በላዩ በወደቀ ቁጥር ወደ ኋላ ይበላል። ቀጥ ያለውን ግድግዳ ቁረጡና 45 ዲግሪ ያህል አጋድሙት። የቆረጣችሁትን አፈር ታች አትተዉት፤ ከሚቀጥለው ክትር በላይ ጠቅጥቁት። የተጋደመው አናት ላይ ትናንሽ ድንጋይ እንደ ንጣፍ ደርድሩ፤ በመካከሉ ሣር ትከሉ።

የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀምጡ። ግድግዳውን ካጋደማችሁ በኋላ መልሳችሁ አልብሱት። ያለዚያ በሐምሌ የምትተክሉት ሣር ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ሜዳማ ረግረግ ላይ ያለ ቦረቦር ከሆነ ይህ ደረጃ ዋናው ሥራ ነው። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ባለው የደብረ መዊ ተፋሰስ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት እንዲህ ባለ ቦታ ግድግዳው የሚናደው ጎርፉ ስለገፋው ብቻ አይደለም፤ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ አፈሩን ስለሚያከብደው ነው። እዚያ ክትር ብቻውን ምንም አያደርግም። ግድግዳው ሲጋደምና ሥር ባላቸው ተክሎች ሲያዝ ነው የሚረጋው።

ደረጃ 4፦ ቁልቁለቱን ለኩ፣ ቦታውን ምልክት አድርጉ

በዓይን አትገምቱ። ዓይን ቦረቦር ውስጥ ይዋሻል።

ሁለት ሰው ዘንጎቹን ወለሉ ላይ በ5 ሜትር ርቀት ያቁም። ሦስተኛው መሃል ላይ ያለውን ላይን ሌቭል ይመልከት። አረፋው መሃል ሲመጣ በሁለቱ ዘንጎች ላይ የሲባጎውን ቁጥር አንብቡ። ልዩነቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቁልቁለቱ 12 በመቶ ነው፤ 60ን ለ500 ማካፈል ነው።

ርቀቱን ለማግኘት የክትሩን ከፍታ በ1.2 አባዙና በቁልቁለቱ አካፍሉ። ከፍታው 1 ሜትር፣ ቁልቁለቱ 12 በመቶ ከሆነ 1.2ን ለ0.12 ስናካፍል 10 ሜትር ይሆናል። ቁልቁለቱ 20 በመቶ ከሆነ 6 ሜትር ነው። ከፍታ የሚባለው ውሃው እስከሚፈስበት ከንፈር ድረስ ያለው እንጂ እስከ ክንፉ ጫፍ ያለው አይደለም።

ሂሳብ ለማይወድ ቀላሉ መንገድ ይኸው፦ የታችኛው ክትር ከንፈርና የላይኛው ክትር እግር በአንድ ልክ ላይ ይሁኑ። በሂሳቡ ትንሽ የሚራራቁት ደለሉ ሲሞላ ራሱ ትንሽ ቁልቁለት ይዞ ስለሚተኛ ነው።

ቦታ ስትመርጡ የቦረቦሩ መታጠፊያ ላይ አትሥሩ። ቀጥ ባለና ጠበብ ባለ ቦታ ሥሩ። ሂሳቡ መታጠፊያ ላይ ካረፈ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ላይ አንሡት።

ደረጃ 5፦ መሠረትና ክንፍ ቆፍሩ

1. በወለሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ። ስፋቱ ለ1 ሜትር ክትር 2 ሜትር ይሁን።
2. በሁለቱም ግድግዳ ውስጥ ለክንፍ የሚሆን 70 ሴንቲ ሜትር ግቡ። አፈሩ ልል ከሆነ 1 ሜትር ግቡ። ክንፉ ከወለሉ እስከ ክትሩ ጫፍ ድረስ መድረስ አለበት።
3. የመሠረቱን ወለል ወደ ላይኛው በኩል ትንሽ አዘንብሉት። ድንጋዩ ሲጫን ወደ ኋላ ይደገፋል እንጂ ወደ ታች አይንሸራተትም።

ሰው የሚሰለቸው እዚህ ነው። ክንፉ ከተሠራ በኋላ አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ቶሎ ይዘለላል። አንድ ጊዜ የፈረሰ ክትር አፍርሰን ስናይ ድንጋዩ ግድግዳውን የነካው በጫፉ ብቻ ነበር፤ ውሃው እንደ ቢላ በመካከል ገብቶበታል። ስለዚህ ኃላፊ ከሆናችሁ ሜትር ይዛችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ግቡና ለኩ። ሳይለካ አንድም ድንጋይ አይግባ።

ደረጃ 6፦ ድንጋዩን ደርድሩ

ትልልቁ ድንጋይ መሠረቱ ላይና ውሃው በሚወድቅበት በታችኛው ፊት ይቀመጥ። ትንንሹ መሃል ይግባ። እያንዳንዱ ድንጋይ ረጅሙን ጎኑን ወደ ክትሩ ውስጥ አስገብቶ ይተኛ። በአጭሩ ከተተኛ ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ጎርፉ ግን እንደ ጥርስ ይነቅለዋል።

የላይኛው ድንጋይ የታችኛዎቹን የሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ይርገጥ። ቀዳዳውን በጠጠር ድፈኑ። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ላዩ ላይ ሂዱበት። የሚነቃነቅ ካለ አንሡና እንደገና አስቀምጡ።

የታችኛው ፊት ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ለ3 ወይም 4 ሜትር ከፍታ 1 ሜትር በሚገባ ልክ። ለባለ 1 ሜትር ክትር አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ነው። የላይኛው ፊት ከዚያ የበለጠ ይጋደም፤ አናቱ ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቅር። በላይኛው በኩል ጠጠርና አፈር ከምራችሁ ጠቅጥቁ፤ ውሃው በድንጋዩ መካከል ሾልኮ መሠረቱን እንዳያጥብ።

ደረጃ 7፦ ማስተንፈሻና ንጣፍ

አዛውንቱ «በር» ያሉት ይህን ነው።

መሃሉን ከሁለቱ ክንፎች 30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ስፋቱ 1 ሜትር ያህል ይሁን፤ ከቦረቦሩ ወለል ስፋት ግን አይብለጥ፤ ከበለጠ የሚወድቀው ውሃ ግድግዳውን ይመታል። ከንፈሩ ላይ ያላችሁን ትልልቅና ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። ስትጨርሱ ወደ ታች ወርዳችሁ ከፊት ለፊት እዩት። እንደ ኮርቻ መሃሉ የጎደጎደ መሆን አለበት። ቀጥ ብሎ ከታየ አልጨረሳችሁም።

ከዚያ በታች ውሃው የሚወድቅበትን ንጣፍ ሥሩ፦

1. ወለሉን 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። ርዝመቱ ውሃው ከሚወድቅበት ከፍታ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ቁልቁለቱ ከ15 በመቶ ከበለጠ ወደ ሁለት እጥፍ አስጠጉት።
2. ድንጋዩን በጠርዙ አቁማችሁ አጠጋግታችሁ ሙሉት።
3. ጫፉ ላይ አንድ ረድፍ ትልቅ ድንጋይ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ውሃው እዚያ ተኝቶ ጉልበቱን ጨርሶ ይሄዳል።

ድንጋይ አልቆባችሁ ምርጫ ውስጥ ከገባችሁ የክትሩን ከፍታ ቀንሱ። ንጣፉን አትቀንሱ።

ደረጃ 8፦ ትከሉ፣ ከብት ከልክሉ

ድንጋይ ጊዜ ነው የሚገዛው። መሬቱን የሚይዘው ሥር ነው። ዝናቡ ከረጋ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ትከሉ። ወይና ደጋ ላይ ቬቲቨር፣ ሰስባኒያና ዝሆኔ ሣር ይሆናሉ። ከፍ ባለው ደጋ ደሾ ሣርና ትሪ ሉሰርን ይሻላሉ። ቬቲቨርን ብርድ ቦታ ወስዶ ማድረቅ የተለመደ ኪሳራ ነው።

ቬቲቨሩን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አጠጋግታችሁ በግድግዳው ላይ አግድም ረድፍ ትከሉ። ደለል የያዘው ቦታ ላይ ሰስባኒያ ይግባ። ማስተንፈሻው ላይና ውሃው በሚያልፍበት መሃል ላይ ግን ዛፍ አትትከሉ፤ ጎርፉን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ከብት ከገባ ሁሉም ከንቱ ነው። ግን «አትግቡ» ብሎ መከልከል ብቻ አይሠራም። ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ በስንት ቀን፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ከመተከሉ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ሣሩን ሊወስድ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከዘበኛ ይበልጣል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ባባራ ማግስት

አካፋና ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አንድ የተነቀለ ድንጋይ ዛሬ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በነሐሴ ግን የሃያ ሰው ሥራ ይሆናል። ዝናብ እየዘነበ ቦረቦሩ ውስጥ አትውረዱ። ላይኛው አገር ከዘነበ እናንተ ዘንድ ፀሐይ ሆኖም ጎርፍ ይመጣል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ውሃው በጎን ዞረ። ወይ ክንፉ አጭር ነው፣ ወይ ማስተንፈሻው ጠባብ ነው። የተበላውን በድንጋይ መድፈን ብቻ አይበቃም። ክንፉን እስከ ደረቅ አፈር ድረስ እንደገና ቆፍራችሁ አስገቡ፤ ማስተንፈሻውንም ዝቅ አድርጉ። ክረምቱ ውስጥ ከሆናችሁ ለጊዜው አፈር የተሞላ ማዳበሪያ ጆንያ ደርድሩበት።

መሃሉ ተጠርጎ ሄደ። ከንፈሩ ላይ ትንሽ ድንጋይ ነበረ ማለት ነው፤ ወይም የሚመጣው ውሃ ከአቅሙ በላይ ነው። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና መቀልበሻ ቦዩ ተደርምሶ እንደሆነ እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ክትሩ ቆሟል፣ ከሥሩ ግን ውሃ ይወጣል። ጥቁር የዋልካ አፈር ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ከመሬት በታች ዋሻ የሚመስል መንገድ ይከፍታል። በላይኛው በኩል ውሃው የሚገባበትን ቀዳዳ ፈልጉ። እስከ ውስጡ ቆፍራችሁ ክፈቱት፤ በጭቃ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት። አፉን ብቻ መድፈን ዋጋ የለውም።

ንጣፉ ታች ጉድጓድ ተቆፈረ። ከታች ያለው ክትር ርቋል። በመካከል አንድ ዝቅተኛ ክትር ጨምሩ። እስከዚያ ጉድጓዱን በትልልቅ ድንጋይ ሙሉት።

በአንድ ክረምት በደለል ሞላ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሥራው ነው። ግን ከላይ ብዙ አፈር እየመጣ መሆኑን ይነግራችኋል። ክትሩን ባለበት ከፍ አታድርጉት። ደለሉ ላይ ሣር ትከሉ፤ ካስፈለገ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላችሁ ደለሉ ላይ መሠረት ቆፍራችሁ አዲስ ዝቅተኛ ክትር ሥሩ።

ድንጋዩ ተወሰደ። ቤት የሚሠራ ሰው በአካባቢው ካለ ይህ ይገጥማል። ከወሰደው ሰው ጋር ከመካሰስ በፊት ድንጋይ የሚያገኝበትን ሌላ ቦታ አሳዩት። የከንፈሩ ድንጋይ ከተነካ ግን በዚያው ቀን ይተካ።

በኅዳር፣ መሬቱ ሲጠጥር፣ ያንን የመጀመሪያ ንድፍ ይዛችሁ እንደገና ከላይ እስከ ታች ውረዱ። ለእያንዳንዱ ክትር ቁጥር ስጡት፤ የቆመውን፣ የተጎዳውን፣ ደለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደደረሰ ጻፉ። የቦረቦሩ አናት ላይም አንድ ችካል ምቱና እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት ለኩ። በሚቀጥለው ኅዳር ያ ርቀት ካነሰ፣ የጥር ሥራው ሁሉ ታች ቢያምርም፣ ጥር ላይ ሕዝቡ መጀመሪያ የሚወጣው ወደ መቀልበሻ ቦዩ ነው።